የውድድር መኪና ፍሬን ለኮሶዬ ቁልቁለት

ዛሬ ከኮሶዬ ቁልቁለቱን ስወርድ ፍሬኑ ግሎ የፊት ጎማዬ ጨሰ። አማቴ «እኔስ በእግሬ ይሻለኛል» ብለው ከመኪናው ወረዱ!

የውድድር መኪና ቪዲዮ ሳይ ስለምውል መፍትሔውን አውቀዋለሁ፤ እሳት የማይበግረው የካርቦን ፍሬን ነው።

ጎማው ሲበርድልኝ አዘዞ ወዳሉት መካኒኬ አያ ደሴ ሄጄ «ያስመጡልኝ» አልኋቸው።

«ሸጋ ነው። ግን ሳይግል በደንብ አይዝም አሉ። ጠዋት አህያ ብትገባብህ ‹ቆዪ፣ ፍሬኔን ላሙቅ› ልትላት ነው?»

ቀጥለው «ለመሆኑ በስንተኛ ማርሽ ወረድህ?» አሉኝ።

ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ ማርሹን አውጥቼ ፎሌ አድርጌ፣ በፍሬን ብቻ ነበር የወረድሁት።

«ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል። እሱን ማስመጣት አያስፈልግም፤ መኪናህ ላይ አለ።»

ለአማቴ እንዳትነግሩብኝ፤ በፍሬኑ ነው ያሳበብሁት። እናንተስ በፎሌ ስትለቁት ማን ወርዶ በእግሩ ሄደባችሁ?