የኦታካር ቧንቧ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንዳልል ኦታካር አልሞተም። እነሆ ከቤቴ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ቢራውን ይጠጣል። ስለዚህ ልቤ እስኪረካ አማዋለሁ።

ከተማችን ያለችው በቼክ አገር፣ ሆዱ ለብር፣ ኋላም ለዩራኒየም ተቦርቡሮ ባለቀ ተራራ ሥር ነው። ከድንጋዩ ራዶን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ አይታይም፣ አይሸትም። የፍል ውኃችን ሐኪሞች ጋዙ ያለበትን ውኃ መገጣጠሚያውን ለሚያመው ሰው በልኩ ያዙለታል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰዓቱ ሲሞላ ሰውን ከገንዳ በማስወጣት ነው፤ ቢለምኑኝም አልሰማም። ኦታካር እዚያው የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ከዚያ ሁሉ ዘመን የቀሰመው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ራዶን ጥሩ ነው። ለማንና በምን ያህል የሚለው ጭንቅላቱ ውስጥ አልገባም።

ቤቱ በዕድሜ ከአያቱ ይበልጣል፤ ከወለሉ ሳንቃ ሥር ያለው የተራራው አፈር ነው። የጨረር ቁጥጥር ሠራተኛዋ ብላንካ ትንሽ የፕላስቲክ የጋዝ መለኪያ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ከወራት በኋላ ወሰደችው። ውጤቱ የሚያስደነግጥ ነበር፤ ጋዙ ቤት ውስጥ ታምቆ ሲተነፍሱት ሳንባን ይጎዳል። እሱ ግን ቢራ ቤት ገብቶ ጉራውን ነዛ።

“ከከተማው አንደኛ ወጣሁ። እናንተ ገንዳ ለመግባት ትከፍላላችሁ፣ እኔ ተኝቼ እታከማለሁ።”

“ሳንባህስ?” አልኩት።

“አይ ዝደንካ፣ ሰው ከገንዳ ስታስወጪ ኖርሽ፣ አሁን ደግሞ ከቤቴ ልታስወጪኝ አማረሽ?”

ሰዉ ሳቀ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ብላንካ መፍትሔው ቀላል ነው አለች፤ ከወለሉ ሥር አየሩን ስቦ ከጣራ በላይ የሚተፋ ቧንቧ ከነማራገቢያው። ዕቃውን መንግሥት ይሰጣል። ኦታካር ሥራውን ራሴ እሠራዋለሁ አለ። እኛ ዘንድ እጅ እያለው ባለሙያ የሚጠራ ወንድ ይናቃል፤ የቼክ እጅ ወርቅ ነው እንላለን፣ በዚሁ አባባል የተነሳ የግማሹ መንደር ጣራ ያፈሳል። ብዙም ሳይቆይ ከጣራው ላይ ቀለም የተቀባ ቧንቧ ብቅ አለ። ብላንካ ከመንገድ ሆና አየችው፣ መለኪያዋን እንደገና ሰጠችው፣ ውጤቱ አማረ። እጁን ጨብጣ ሄደች።

ሚስቱ ሚላዳ ጉልበቷ ታማሚ ነው። ቀኑን ሙሉ ምድር ቤት ካለችው ክፍል፣ ወንበሯ ላይ ሆና ሹራብ ትሠራለች። በዕድሜዋ ሲጋራ ለኩሳ አታውቅም። ዓመታት አልፈው ሐኪሙ የሳንባ ካንሰር አለብሽ አላት።

ይህን ስትሰማ ብላንካ የጋዙን መጠን እዚያው የሚያሳይ መሣሪያ ይዛ ቤታቸው መጣች፤ እኔም ተከተልኳት። መሣሪያው ቁም ሳጥኑ አጠገብ ሲደርስ አበደ። ሳጥኑን ለሁለት ገፋነው። ቧንቧው ከወለሉ ወጥቶ፣ ከሳጥኑ ኋላ ታጥፎ፣ አፉን ወደ ሚላዳ ወንበር አዙሯል። የጣራው ቧንቧ ከምንም ጋር አልተገናኘም። ብላንካ ሁለተኛ የሰጠችውንም መለኪያ ለካስ ማገዶ ቤት ነበር ያስቀመጠው።

ኦታካር ፊቱ እንኳ አልቀላም።

“ለጉልበቷ ነው” አለ። “ወደ ሰማይ የሚበተን መድኃኒት ለሚስቴ ብሰጥ ምን አጠፋሁ? ጠይቋት፣ ተሽሏታል።”

ሚላዳ ከወንበሯ ሆና ወደ ቧንቧው ዞረች።

“የማሞቂያው ነፋስ ነው ብለኸኝ ነበር” አለች። “ደግሞ አልተሻለኝም፣ ኦታ። አንድ ቀንም። ማታ ማታ ስትጠይቀኝ ደስ ይበልህ ብዬ ነው ተሻለኝ የምልህ።”

እኔ ሞኟ፣ አሁን እግሯ ላይ ይወድቃል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ የቧንቧውን አፍ በስንዝሩ ለካ።

“ታዲያ ጠቦ ነዋ” አለ። “ሰፋ ያለውን መግጠም ነበረብኝ።”

ሰው ንቄ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ንቄ አላውቅም። ሚላዳ ካፖርቷን እንዳቀብላት ጠየቀችኝ። ክንዴን ይዛ፣ በዚያ ጉልበቷ፣ መንገዱን ተሻግራ እኔ ቤት ገባች። አልተመለሰችም። በረዶው ሲቀልጥ እኔ ቤት አረፈች።

በቀብሯ ዕለት ኦታካር አዲስ ኮት ለብሶ መጣ፤ ሰው ሁሉ አጽናናው። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለና በጆሮዬ፣

“ሕክምናዋን ያቋረጥሽባት አንቺ ነሽ” አለኝ።