እትዬ ዓሚኔ ዲፈረንሻል ሲመርጡ

እትዬ ዓሚኔ ሰቆጣ ውስጥ ሱቅ አላቸው። አረንጓዴ፣ አሮጌ የጭነት መኪናም አለቻቸው። መኪናዋ በየገበያው ቀን ጨው፣ ስኳርና ዘይት ጭና ከሰቆጣ በታች ቆላ ወዳለው ዝቋላ ትወርዳለች፤ ስትመለስ ፍየልና ማሽላ ይዛ ያንን አቀበት ትወጣለች። አዳዲሶቹ መኪናዎች መንገዱን አንድ ጊዜ ይሞክሩትና ሁለተኛ አይመለሱም። የዝቋላ ሴቶች ፍየላቸውን እየነዱ ሰቆጣ ድረስ በእግር ከመምጣት ያረፉት በእሷ ነው።

ጎረቤታቸው ስለሆንኩ የእትዬ ዓሚኔን ድምፅ ከራሴ ሬዲዮ አስበልጬ እሰማለሁ። ስኳር ሲመዝኑ ይናገራሉ፣ ደንበኛ ሲሸኙ ይናገራሉ፣ ሱቁ ጭር ሲል ደግሞ ሚዛኑን ይቆጡታል። ባለቤታቸው ሰላሕ ካረፉ ወዲህ መኪናዋን እንዲሸጡ ያልመከራቸው ሰው የለም። "ሱቁ ቤቴ ነው፣ መኪናዋ እግሬ ናት። እግሩን የሚሸጥ ሰው አይታችኋል?" ይላሉ።

ክረምቱ እንደወጣ እግራቸው ተሰበረ። አቀበቱ መሀል፣ ፍየል እንደጫነች፣ ከመኪናዋ ሥር አንድ ነገር ጓ አለ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው ግን አይዞርም። የተሰበረው ዲፈረንሻሉ ነበር፤ በኋላ ጎማዎቹ መካከል የተጋደመው፣ መሀሉ የተነፋው ብረት። ከሞተሩ የሚመጣውን ጉልበት ተቀብሎ ለጎማዎቹ የሚያካፍለው እሱ ነው። የውስጥ ጥርሶቹ ረግፈዋል። አዲስ እንዳይገዛ ለዚህች መኪና የሚሆን አዲስ ዕቃ መምጣቱ ከቀረ ቆይቷል፤ ያገለገለ ፍለጋ ወልድያ መውረድ ግድ ሆነ።

እትዬ ዓሚኔ ሾፌራቸውን አንዷለምን አስከትለው ሄዱ። እኔም ጉዳይ ነበረኝና በዚያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አንዷለም ዝቋላን የሚያክል መንገድ በትዕግሥት የሚነዳ ጎበዝ ነው። ሚስቱ ኤደን ግን ወልድያ ፀጉር ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ከተጋቡ ወዲህ በአካል ከመገናኘት ይልቅ በስልክ መገናኘት ይቀናቸዋል። አውቶቡሱ ገና ከከተማ እንደወጣ የልቡን ተናገረ።

"እትዬ፣ ለምን ፈጣኑን አንገዛም?"

"ፈጣን ዲፈረንሻል ደግሞ አለ እንዴ?"

"አለ እንጂ። ለሜዳ የሚሆን አለ፣ ለዳገት የሚሆን አለ። ፈጣኑን ካሰርን ዝቋላን ትተን በወልድያ መንገድ እንመላለሳለን። ጭነቱ እንደሆነ ሞልቷል።"

"የወልድያውን ጭነት አውቀዋለሁ። ፀጉር ይሠራል።"

ከፊትም ከኋላም ያለው ተሳፋሪ ሳቀ። አንዷለም አልሳቀም። "የምሬን ነው እትዬ። ዝቋላ ከሆነ ሌላ ሾፌር ይፈልጉ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እትዬ ዓሚኔ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዝቋላን ቢተዉ በየአቀበቱ የሚጠብቋቸውን ሴቶች ይተዋሉ። አንዷለምን ቢያጡ ደግሞ መኪናዋን በዚያ መንገድ የሚደፍርላቸው የለም። ወልድያ እስክንገባ የመቀነታቸውን ጫፍ ሲፈቱና ሲቋጥሩ ቆዩ።

የዕቃ ሻጩ የትእዛዙ ግቢ የመኪና መቃብር ይመስላል፤ ልዩነቱ ሙታኑ በየቀኑ እየተነሡ በሌላ መኪና ውስጥ መሄዳቸው ነው። ትእዛዙ ለመኪናዋ ልክ የሚሆኑ ሁለት ዲፈረንሻሎች አሳየን። አንደኛው የብር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ሁለተኛው በጥቁር ቅባትና በአቧራ ተለውሷል።

"ይኼ የሚያምረው ከተማ ለከተማ ብስኩት ሲያከፋፍል ከኖረ መኪና የወጣ ነው። ያኛው የካባ ድንጋይ ሲያመላልስ ነበር" አለ ትእዛዙ።

"አንዱ ተሞላቅቆ ያደገ፣ አንዱ ለፍቶ አዳሪ" አሉ እትዬ ዓሚኔ።

"ለጋብቻ እንደሚጠየቀው ዘራቸውን ልቁጠርልዎ እንዴ?"

"ዘሩን ተወውና ሆዱን አሳየኝ።"

የዘይት መክደኛቸው ተከፈተ። እትዬ ዓሚኔ ከሁለቱም ዘይት በጣታቸው ነክተው አሹት፣ ለፀሐይ ገልጠው አዩት። ጥርሱ እየተበላ ከሆነ የብረት ብናኝ በዘይቱ ውስጥ ያብለጨልጫል። አላብለጨለጨም። አንዷለም ከመሀሉ ወደ ፊት የወጣውን አንገት እየያዘ ነቀነቀው፤ የላላ ነገር የለም። በሆዱ ዙሪያ የብየዳ ጠባሳ ፈለገ፤ በሁለቱም ላይ አላገኘም። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። የቀረው የትኛው ፈጣን፣ የትኛው ዳገት ወጪ እንደሆነ መለየት ነበር።

አለያየቱ በጣም ቀላል ነው፤ ቅለቱ ነው የገረመኝ። በአንገቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ጎማ የሚታሰርባቸው ሁለቱ ጫፎች እኩል፣ አንድ ዙር ብቻ ይዞራሉ፤ አንገቱ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጠራል። ግን ለሁለቱ ጫፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ትእዛዙ ስልክ ይዟል፤ እኔ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሥራ የምታመን አልመሰልኩም። በዚህ መሀል ኤደን ምሳ ይዛ ደረሰች።

"ነይ እስቲ፣ በዚያ በኩል ያዢ" አሉ እትዬ ዓሚኔ።

"ጥፍሬ..."

"ጥፍርሽ ይበቅላል።"

ኤደን በፌስታል እጇን ጠቅልላ ያዘች። ባልና ሚስቱ በሁለት ጫፍ ተቀምጠው እየተያዩ አዞሩ። የብስኩቱ አንገት አራት ጊዜ ዞሮ ቆመ። የድንጋዩ ስድስት አልፎ ሰባተኛውን ሊጀምር ሲል ቆመ። ከውጭ መንታ የሚመስሉ ሁለት ብረቶች በሆዳቸው ሁለት የተለያየ መንገድ ይዘው ኖረዋል።

"ብዙ የሚዞረው ምን ማለት ነው?" ኤደን ባሏን ጠየቀችው።

"ጉልበታም ነው። ቀርፋፋ ነው ግን።"

"ቁልቁለት ላይስ?"

አንዷለም ምልክቱን በአውራ ጣቱ አበሰ። "ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል። ፈጣኑ ከሆነ ሁሉም ነገር ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።"

"በወልድያ መንገድ ቁልቁለት የለም?"

"አለ።"

"ታዲያ ምኑን ነው የምትመርጠው? አቀበት ላይ ነኝ ስትለኝ ሥራዬን እሠራለሁ። ቁልቁለት ልጀምር ነው ብለህ ስልኩን ስትዘጋው የሰው ፀጉር አቃጥላለሁ። ባለፈው ሳምንት የአንዷን ጆሮ አቃጥዬ ይቅርታ ስለምን ዋልኩ።"

"ቀርፋፋው ከሆነ እኮ ዝቋላ ነው። ወልድያ ሦስት ሳምንትም ላልመጣ እችላለሁ።"

"እኔ እመጣለሁ። ሰቆጣ ፀጉር የለም እንዴ?"

"ፀጉሩስ አለ፤ ሠሪው ነው የጠፋው። ከሱቄ ጎን አንድ ክፍል አለኝ፤ ጆንያ ነው የሞላው። እናወጣዋለን" አሉ እትዬ ዓሚኔ ከአፏ ተቀብለው።

ኤደን ፌስታሉን ከእጇ ፈታች። የወልድያው ፀጉር ቤት ከሴት ጓደኞቿ ጋር ያቋቋመችው ነው፤ መስታወቱን የመረጠችው እሷ ናት። የፌስታሉን ቅባት እያየች ቆየች።

"በገበያ ቀን ጋቢና ውስጥ ከጎኑ የምቀመጠው እኔ ነኝ" አለች በመጨረሻ።

"መስኮቱን አልለቅም" አሉ እትዬ ዓሚኔ።

"መሀሉ ይበቃኛል።"

ትእዛዙ ስልኩን ዘግቶ መጣና የብር ቀለም የተቀባው የተሸጠ መስሎት ሊያመሰግን ሲል፣ ጥቁሩ ላይ ገመድ ሲታሰር አየ።

ዲፈረንሻሉ ወደ ሰቆጣ በሚወጣ መኪና ተጭኖ መጣ፤ ታሰረ። በመጀመሪያው የገበያ ቀን እኔም በጆንያዎቹ ላይ ተቀምጬ ዝቋላ ወረድኩ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሞተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ እያጉረመረመ መኪናዋን ይዟት ወረደ። የመመለሻው አቀበት ላይ ግን መኪናዋ ከመንቀርፈፏ የተነሣ ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል የዝቋላ ሴት ሙክቷን እየሳበች ከጎናችን በእግሯ እኩል ትሄዳለች። እትዬ ዓሚኔ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ሙክቱን አዩት።

"ይኼን ከሲታ የት ልትወስጂው ነው?"

"ከሲታ? ዐይንሽን ጥረጊ ዓሚኔ።"

ክርክሩ ተጀመረ፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኽምጣንጋ። ዋጋው በአንዱ ቋንቋ ሲወጣ በሌላው ይወርዳል። ኤደን ከመሀል ሆና አንዴ ወደ አንዷ አንዴ ወደ ሌላዋ ትዞራለች። አንዷለም ዐይኑን ከመንገዱ አልነቀለም፤ ማርሽም አልቀየረም። ወለተ ጊዮርጊስ ሁለት ጊዜ ተናዳ ቀደመችን፣ ሁለት ጊዜ ሐሳቧን ለውጣ ጠበቀችን።

አቀበቱ አናት ላይ ተስማሙ። አንዷለም መኪናዋን አቆመ፤ ሙክቱ ከኋላ ተነሥቶ ከእኔ አጠገብ ተጫነ።

"በፈጣኑ ቢሆን ኖሮ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ አልፈናት ነበር" አሉ እትዬ ዓሚኔ መስኮቱን እየዘጉ።