ከበሩ በላይ የነበረው ምንጣፍ

ዛሬ ጠዋት ዴንግ ከጁባ በስልኬ አንድ ፎቶ ላከልኝ። ጽሑፍ የለውም። የሳሎኑ በር ነው፤ ከበሩ በላይ ጥጉ የተቃጠለ ቀይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ታስሯል። ሰባት ዓመት ቢያልፍም ወዲያው አወቅሁት።

ዴንግ ሕክምና ሊማር ሐረር ሲመጣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከዐሥረኛ ክፍል አቋርጬ፣ እንግሊዝኛን ከሬዲዮና ሽፋን ከሌላቸው መጻሕፍት ለቅሜ፣ የጀጎልን ቤቶች አንድ በአንድ እየለካሁ በደብተር እመዘግብ ነበር። ፈረስ መጋላ አደባባይ ከታክሲ ወርዶ አድራሻ የተጻፈበትን ወረቀት ሲያገላብጥ ያገኘሁት እኔ ነኝ። እማማ መርየም ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ክፍል እንዲያከራዩት የለመንኳቸውም እኔ። እሳቸው ዓረብኛ ያውቃሉ፤ እሱም የጁባን ዓረብኛ ይናገራል፤ በሳምንቱ "ልጄ" ይሉት ጀመር። በሩ ግን አልለመደውም። በጣም ረጅም ስለነበረ ግንባሩ ላይ ሁልጊዜ አንድ አዲስ እብጠት አይጠፋም።

ታኅሣሥ ገባ። በጠዋት ከሐኪም ተራራ የሚወርደውን ነፋስ የጁባ ልጅ የሚችለው አልነበረም፤ የክፍሉ ሲሚንቶም እግር ይበላል። ሁለት ካልሲ ደርቦ እያነጠሰ ሲያጠና እማማ መርየም አይተውት፣ ቤቱ ቤትህ ነው፣ የሚያሞቅህን ካገኘህ ውሰድ አሉት። በማግስቱ ረቡዕ ከልጃቸው ከሰሚራ ጋር ገበያ ወጡ። እኔ አስፈቅጄ ትልቁን ክፍል በገመድ እለካ ነበር። የቀይ መደቦቹን ከፍታ በጣት ሳይቀር ጻፍኩ። ከበሩ በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ተጠቅልሎ ስለተቀመጠው ምንጣፍ ደግሞ "ቦታ ስለሚጠብ እዚያ ይቀመጣል" ብዬ አሰፈርኩ። ማንንም አልጠየቅሁም።

ዴንግ ቀና ብሎ አየው። "ትርጉም ይኖረው ይሆን?" አለኝ።

"ምንም የለው፤ ዕቃ ማስቀመጫ ነው" አልኩት።

መደቡ ላይ ወጥቼ አወረድኩት። አራግፈን የእሱ ክፍል ውስጥ አነጠፍነው፤ ዴንግ ጫማውን አውልቆ ላዩ ላይ ቆመና ዓይኑን ጨፈነ። ተመልሰን ትልቁ ክፍል ሳለን ጎረቤቲቱ እማማ ዘይነብ ወንፊት ሊዋሱ ገቡ። ከበሩ በላይ አዩ፤ እኛን አዩ፤ ወንፊቱን ሳይጠይቁ ወጡ።

ቀትር ላይ እማማ መርየም ዘንቢላቸውን እንደያዙ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ከገበያው እስከ ቤታቸው አራት ሰው "መብሩክ"፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ብሏቸዋል። ቀና ብለው ባዶውን ቦታ ተመለከቱ።

"ልጄን ለማን ድራችሁልኝ ነው?" አሉ።

ትርጉሙን ያን ጊዜ ሰማሁ። ከበር በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ በዚህ ቤት ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ሲወርድ ታጭታለች ማለት ነው። ሰሚራ መደቡ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ተቀመጠች። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የልብስ ሰፊው የጀማል ሽማግሌዎች እሷን ለእሱ ሊያጩ ሊመጡ ቀጠሮ ነበራቸው። እናቱ ግን ወሬው ደርሷቸው፣ "ለሌላ የተሰጠች ልጅ በር አናንኳኳም" ብለው ልከዋል።

ዴንግ ምንጣፉን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገ። ልብስ ሰፊዎቹ ወዳሉበት፣ መኪና ግርግር ወደሚባለው መንገድ ሄድን። የጀማል አባት ሐጂ ዩሱፍ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል። እኛን ሲያዩ የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ዴንግ በዓረብኛ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ይናገር ጀመር። ዝም ብል ጥፋቱ ያልፈኝ ነበር፤ ለእንግዳ ይቅር ይባላል። እኔ ግን፣ "እኔ ነኝ ያወረድኩት፤ ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ" አልኩ።

ሐጂ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንተ የት ተወለድክ?"

"እዚሁ፣ ፈላና በር አጠገብ።"

"እሱስ?"

"ጁባ።"

"ታዲያ ከሁለታችሁ እንግዳው ማነው?"

ሰፊዎቹ ሳቁ፤ ሐጂ አልሳቁም። ምንጣፉን በመጣንበት መንገድ በዝግታ እንድንመልስ፣ ለጠየቀን ሁሉ ቆመን እውነቱን እንድንናገር አዘዙን። "ወሬው በሄደበት እግር ይመለስ" ነበር ያሉት። ዐሥራ ሰባት ሰው ጠየቀን፤ ቆጥሬያለሁ። ለዐሥራ ሰባቱም የመለስኩት ያው ነበር፦ "አላወቅሁም ነበር።"

ዓርብ ሽማግሌዎቹ መጡ። ቃል ከተሰጠ በኋላ እማማ መርየም ምንጣፉን በገዛ እጃቸው አውርደው ለዴንግ ሰጡት፤ አሁን ሥራውን ጨርሷል፣ ያለ ስጋት አንጥፈው አሉት። ጥጉን ያቃጠለው እሱ ነው፣ ሻይ ሲያፈላ።

ዛሬ ፎቶውን እንዳየሁ ደወልኩለት።

"ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?" አልኩት።

"ገና ዐሥራ አንድ ቀኗ" አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ የድሮውን ደብተር ፈለግሁ። "ቦታ ስለሚጠብ እዚያ ይቀመጣል" የምትለዋን መስመር ያን ረቡዕ በአንድ ጭረት ሰርዣታለሁ፤ እንድትነበብ ግን ትቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ የጻፍኩት ጠይቄ ነው።