ወዳጅ እስኪገሥጽ

እናቴ ጎንደር ላይ ወደዚህ አገር የመምጫ ተራዋን ስትጠብቅ ያረፈችው በሁለት ሺዎቹ ዓመታት አጋማሽ ገደማ ነው። ዓመቱን በትክክል የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን ባለቤቴ አንድ ዓመት ትቀንስበታለች፣ ልጄ ደግሞ አንድ ትጨምርበታለች፤ ስለዚህ ክርክሩን ለእነርሱ ትቼዋለሁ። የማልጠራጠረው ወቅቱ በዚህ አገር የዝናብ፣ ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሦስት ወር ሲቀረው፣ እንደነበረ ነው። መርዶው በስልክ ሲደርሰኝ ቀብሯ ተፈጽሞ ነበር። ቂርያት ማላኺ ባለው ቤታችን የሐዘኑን ሰባት ቀን መሬት ላይ ተቀመጥሁ፤ ጎረቤቱም መጥቶ አጽናናኝ። ሰባቱ ቀን ካለፈ በኋላ ግን አንድ ልጅ ለእናቱ ሊያደርገው ከሚገባው ነገር አንዱም በእጄ እንዳላለፈ ተገለጠልኝ። አልገነዝኋት፣ አልተሸከምኋት፣ አፈር አላለበስኋት።

የቀረኝ ፀጉሬ ነበር።

የአይሁድን ሕግ የሚያስተምረን የሰፈራችን ረቢ እንዳስረዳኝ፣ አባት ወይም እናት የሞተበት ሰው ሠላሳ ቀን ፀጉሩን አይቆረጥም። ከሠላሳው ቀን በኋላም ወዳጆቹ በመልኩ አፍረው እስኪገሥጹት ድረስ መቀስ አያስነካም። በአገራችን የነበረው ልማድ ከዚህ የተለየ ይመስለኛል፤ ሐዘንተኛ ራሱን ይላጭ ነበር ብዬ አስታውሳለሁ፤ ባለቤቴ ግን መላጨቱ የሴቶቹ ነው፣ ወንዶቹ ያሳድጉ ነበር ትላለች። ምናልባት እርሷ ትክክል ናት። ያም ሆነ ይህ የረቢው ደንብ ልቤን ነካው። ዕድሜዬን በማስተማርና በማስተርጐም ያሳለፍሁ ሰው ስለሆንሁ፣ መነሻውና መድረሻው የተነገረ ሥራ እወዳለሁ። ይህን አንዱን ነገር እንኳ ሳላዛንፍ ለእናቴ ልፈጽምላት ወሰንሁ።

የመጀመሪያው ወር መልካም ነበር። ሁለተኛው ሲገባ ግን ፀጉሬ ጎፈሬም ክርክምም ያልሆነ፣ የራሱ የሆነ አቋም ያዘ። ከጆሮዎቼ በላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነፋል፤ አናቴ ላይ ደግሞ ድሮውንም ሳስቶ ስለነበር ከፍ ማለት አቃተው፤ በመስተዋት ሳየው ከብት የተኛበት ማሳ ይመስላል። ጠዋት የምነሣው የተኛሁበት ጎን ተለጥፎ፣ ሌላው ጎን ቆሞ ነው። ኪፓዬም፣ አናቴ ላይ የማደርጋት ትንሿ የጸሎት ቆብ፣ ተቸገረች። ፀጉሬ አጭር በነበረ ጊዜ ሸካራነቱ ብቻውን ይዞ ያቆማት ነበር። ረጅም ፀጉር ያላቸው ወጣቶች ደግሞ በፀጉር መርፌ ያስይዟታል። የእኔው ፀጉር ግን ብቻውን መያዝ የተወ፣ ለመርፌም ገና ያልደረሰ ስለነበር፣ በጸሎት መካከል ራሴን ዝቅ ባደረግሁ ቁጥር ከፊት ወንበር ላይ ያለው ሰው አንሥቶ ያቀብለኛል።

ባለቤቴ በቻለችው ሁሉ ረዳችኝ። ዘይት ቀባችኝ፤ ከእንጨት የተሠራ ሚዶ ከየት እንዳገኘችው እንጃ አምጥታ አበጠረችኝ፤ ሌሊት ሻሽ አስሬ እንድተኛም መከረችኝ። አስሬ ተኛሁ። በማግሥቱ ያየሁትን ለመግለጽ እቸገራለሁ።

እርሷ ከሁሉ ቀድማ ገሥጻኛለች፤ ደጋግማም ገሥጻኛለች። ይህንን ግሣጼዋን ይዤ ወደ ረቢው ሄድሁ። የመለሰልኝን ቃል በቃል አላስታውስም፤ ነገሩ ግን ሚስት ለባሏ እንደ ገዛ አካሉ ናትና ደንቡ የሚፈልገው የውጭ ወዳጅ ነው የሚል ነበር። ቤት ገብቼ ይህንኑ ስነግራት ማማሰያዋን አስቀመጠች።

«ይህን ሁሉ ዓመት አብሬህ ኖሬ ወዳጅህ ካልሆንሁ፣ ታዲያ ምንህ ነኝ?»

ጥያቄው የሚመለከተው ረቢውን እንደሆነ ነገርኋት። እርሷም ማማሰያዋን መልሳ አነሣች።

በዚህ መካከል ፋሲካ ተቃረበ። በፋሲካና ከእርሱ በሚቀጥሉት ሳምንታት ሐዘንተኛ ያልሆነውም ሰው ፀጉሩን አይቆረጥም። ከበዓሉ በፊት የሚገሥጸኝ ወዳጅ ካልተገኘ፣ ያ የማይገለጽ ነገር ራሴ ላይ እንደተቀመጠ የዚህ አገር የበጋ ሙቀት ሊደርስብኝ ነው። «ወዳጆችህን ገሥጹኝ ብትላቸው ምን ነበረበት?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም አስቤበት ነበር። ነገር ግን ተለምኖ የተገኘ ግሣጼ ግሣጼ መሆኑን ተጠራጠርሁ፤ በጥርጣሬ ላይ የቆመ ነገር ደግሞ ለእናቴ መስጠት አልፈለግሁም።

ችግሩ ሰዎቹ አክባሪዎቼ መሆናቸው ነበር። ቂርያት ማላኺ ያሉ የአገሬ ልጆች በሙሉ «መምህር» ብለው በአንቱታ ነው የሚያነጋግሩኝ። ሰውን አንቱ እያሉ እንዴት መገሠጽ እንደሚቻል እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንድ ሰንበት ከጸሎት በኋላ፣ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ አንድ ጎረቤቴ ራሴን ትኩር ብሎ አየና «መምህር፣ ይህ ፀጉርዎ እኮ…» ብሎ ጀመረ። ግሣጼው መጣ ብዬ ራሴን ዘንበል አደረግሁለት።

«…ዕድሜዎን ቀነሰልዎት» ብሎ ጨረሰው።

አመስግኜው ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ከዚህ በኋላ ተስፋዬ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ቀረ። ጎንደር አብሮኝ ያስተማረ፣ አሁን ገዴራ የሚኖር የልብ ወዳጅ ነበረኝ፤ ጓደኝነታችን ከጀመረበት ቀን አንሥቶ አንተ ተባብለን፣ ተሰዳድበን የኖርን ነን። በዕድሜ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ነገር ግን ጠዋት ጠዋት በእግሩ ስለሚሄድ ቀጥ ያለ ነው፤ በአውቶቡስ ላይ ሰው ተነሥቶልኝ አያውቅም እያለም ይመካል። ያቭነ የሚኖር አንድ የቀድሞ ባልደረባችን ከሆስፒታል መውጣቱን ሰምተን ስለነበር፣ አብረን እንድንጠይቀው ተቀጣጠርን። እኔም ፀጉሬ በደንብ እንዲታይ ባርኔጣዬን ሆን ብዬ ቤት ትቼ ወደ ገዴራ ተሳፈርሁ።

ፌርማታው ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሲያየኝ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ወዲያው ግን ፊቱን ሰበሰበ።

«እንደምን ሰነበቱ?» አለኝ።

አንቱ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። እናት የሞተችበትን ሰው እንደ ቀድሞው ማዋረድ ነውር መስሎት ይሆናል። ቤቱ ወስዶ ምሳ አበላኝ፤ ሲያጎርሰኝም፣ ውኃ ሲያስታጥበኝም በአንቱታ ነው። እኔ ግን ነገሩን ለመቆስቆስ የማላደርገው አልነበረም። ራሴን አከክሁ። ሚዶውን ከኪሴ አውጥቼ በፊቱ አበጠርሁ፤ ያበጠርሁትም ወደማይሆን አቅጣጫ ነው። እርሱ አንገቱን ደፍቶ፣ ሐዘን ለሰው ግርማ ይሰጣል፣ ለእርስዎም ሰጥቶዎታል አለኝ። ሚዶውን ወደ ኪሴ መለስሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ያቭነ የሚሄደውን አውቶቡስ ስንይዝ ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ነበር። አንዲት ወታደር ልጅ አየችኝና ብድግ አለች። «ሳባ፣ ና ተቀመጥ» አለችኝ በዕብራይስጥ፤ አያት ማለቷ ነው። ተቀመጥሁ። ከአጠገቧ የነበረ ተማሪም ለወዳጄ ተነሣለት። ወዳጄ መቆም እንደሚመርጥ ነገረው። ልጁ ግን ትሕትና መስሎት «ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ ሳባ»፣ ይሁን፣ ግድ የለም አያቴ፣ እያለ በክንዱ ደግፎ አስቀመጠው።

ከገዴራ ስንወጣ ወዳጄ ፊቱን ከእኔ መለሰ። ከዚያ ወደ መስኮቱ እንደዞረ ጀመረ።

«ለእኔ ሰው ተነሥቶልኝ አያውቅም።»

ልጆቹ ጨዋ መሆናቸውን ነገርሁት።

«ጨዋነታቸው ለአንተ ነው። ይህን የሚያህል ሽበት ተሸክመህ ከጎኔ ስትቆም፣ እኔም እንዳንተ ያለቀልኝ ይመስላቸዋል።»

አንቱታው መሄዱን ሰማሁ። እንዳይደነብር ፈርቼ ከወንበሬ አልተነቃነቅሁም።

«ምን ሆነሃል ግን አንተ? የተማርህ ሰው እንደ ተቀደደ ፍራሽ ጥጥህ በየአቅጣጫው ወጥቶ ትዞራለህ? ገና ከአውቶቡስ ስትወርድ ደንግጬ ነበር፤ ሐዘንተኛ ነው ብዬ ዝም አልሁ። በጣም አበዛኸው። እናትህ ብታይህ እኮ ከአንተ ጋር አንድ ወንበር ላይ አትቀመጥም። አስነወርኸን። ሂድና ተቆረጥ።»

ምን ያህል ጮኾ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም፤ በእኔ ትዝታ አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ አይቶናል፤ ከኋላችን የተቀመጠች አንዲት የአገራችን ሴትዮም ሳቋ አምልጧታል። እጁን ያዝሁና ትከሻውን ሳምሁት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልሁት። እርሱ እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀና፣ ሐዘኑ አእምሮዬን የነካው መስሎት፣ ውኃ ልግዛልህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ያቭነ ወርደን ደንቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳሁት። ክንዱን አጣምሮ ሰማኝ።

«ቀደም ብለህ ብትነግረኝ በየሳምንቱ በስልክ እሰድብህ ነበር» አለ።

«ብነግርህ አይቆጠርም ነበር።»

«አሁንስ መቆጠሩን በምን ታውቃለህ?»

«ከኋላ የተቀመጠችው የአገራችን ሴትዮ ስትስቅ ሰምቻለሁ። እርሷ ምስክሬ ናት።»

ታማሚው ትንሽ ይቆየን ተባብለን በአቅራቢያው ያገኘነው ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ገባን። አስተካካዩ በዕብራይስጥ የማሽኑን ቁጥር ጠየቀኝ፤ እንደዚህ ያለ ቁጥር መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር፤ ወዳጄ ከኋላ ሆኖ፣ አጭር ይሁን፣ ጆሮው ይታይ ብሎ መለሰልኝ። የመጀመሪያው ጕማጅ ጭኔ ላይ ሲወድቅ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ ብሎኛል ማለትም እችላለሁ። ቢሆንም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያየኝ ሰው ሁሉ፣ ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ፣ አንድ ነገር እንደደረሰብኝ ያውቅ ነበር፤ ከወንበሩ ስነሣ ግን ከማንኛውም ሽማግሌ አልለይም። ይህ ለጥቂት ጊዜ ከበደኝ። ከዚያ ጆሮዎቼ ብቅ አሉ፤ ከማስታውሳቸውም ይልቅ ትልልቅ ነበሩ፤ አስተካካዩም እኔም ሳቅን።

ወዳጄ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። ወደ አስተካካዩ ጆሮ ተጠግቶ የሆነ ነገር ሲያንሾካሽክ አየሁት። ጥቂት ቆይቶ ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ፤ ሽበት በወረሰው ሪዙ ላይም ጥቁር ቀለም ተለቀለቀለት። ቀለሙ እስኪይዝ ድረስ ከንፈሩን እንዳያንቀሳቅስ ተነግሮት ስለነበር፣ ባወቅሁት ዘመን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቃል ሳይናገር ቆየ። እኔም በዚያ ዝምታ ውስጥ የተረፈውን ፀጉሬን እያስቆረጥሁ፣ ነገሩ እንደ ደንቡ መፈጸሙን ለእናቴ ነገርኋት።