የአቃቂው «የአክሱም» ሳንቲም

ባለፈው እሑድ ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ ሳሪስ ስሄድ ታክሲው አቃቂ ላይ ሰው ለማውረድ ቆመ። የሽምብራ እሸት ያቀፈች ሴት በመስኮት ብቅ አለች። ሁለት እስር ገዝቼ እዚያው መፈልፈል ጀመርኩ። ያ ጨው ጨው የሚለው ቅጠል ጣቴ ላይ ሲቀር አንድ ነገር ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ዞር ብለው አዩኝ። ምን ልበላቸው? በሃያ ሦስት ዓመቴ አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት ማሳሳቴ በታክሲ ውስጥ አይወራ ነገር።

ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት በገባ በጥቂት ዓመቱ ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ አቃቂ፣ ከባቡር ሀዲዱ ጥግ ባለ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ሆኜ ተመደብኩ። ያኔ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሰባተኛ ክፍል ስገባ ልጆቹ ብድግ ይላሉ፤ እኔም እውቀት ከእኔ የተጀመረ ይመስል አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ዛሬ ያቺን የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ባገኛት አንድ ጊዜ ቆንጠጥ ባደርጋት ደስ ይለኛል።

ወሩ ጥር ነበር። የአቃቂን ጥቁር መሬት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክረምት ላይ ጫማ ያስወልቃል፣ በጋ ላይ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በትምህርት ቤቱ ጓሮ ለአጥር ጉድጓድ ሲቆፈር ዘይነባ የምትባል ተማሪዬ ከአፈሩ ውስጥ አንድ የመዳብ ሳንቲም አንሥታ አመጣችልኝ። እንደ ቅጠል የሳሳ፣ ክብነቱ ቀርቶ ሞላላ የሆነ፣ ፊደል የሚባል ያልቀረለት ሳንቲም ነው። ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርጌ ሳየው በአንድ በኩል የሰው ራስ ጥላ፣ በሌላው በኩል ትንሽ መስቀል ታየኝ። ልቤ ዘለለ። ራስና መስቀል! በዚያ ላይ የወጣው ከአንድ ክንድ ጥልቀት ነው።

«አክሱም!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ልጆች፣ ይህ የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ነው!»

ልጆቹ ዝም አሉ። አድናቆት መሰለኝ። ዳይሬክተሩ ወሬውን ሲሰሙ ከእኔ ባልተናነሰ ተደሰቱና የቅርስ ባለሙያ እንዲላክልን ደብዳቤ ጻፉ፤ የሳንቲሙን ትክክለኛነት መስክሬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ባለሙያው ሰኞ ሊመጣ ተቀጠረ።

ዓርብ ማታ ስወጣ ዘበኛችን ጋሽ በለጠ በሩ ላይ አስቆሙኝ። ከዘበኝነቱ በፊት ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሀዲድ በመጠገን ነው። «እስቲ ያን ጉደኛ ሳንቲም አሳዪኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ አገላብጠው አዩት፣ አልሳቁም።

«ደብዳቤው ሄደ እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

«ሄደ፤ ምነው ጋሼ?»

«እንዲያው ነው። ነገ ከሰዓት አንድ አሥር ሳንቲም ይዘሽ ነይ።»

በማግሥቱ ስመጣ አንድ እስር የሽምብራ እሸት ይዘው ሀዲዱ ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አሥር ሳንቲሜን ተቀብለው ብረቱ ላይ አስቀመጡት። «ስንቱን ልጅ ከዚህ በአለንጋ አባርሬያለሁ መሰለሽ፤ ዛሬ ደግሞ ራሴው!» አሉ። እሸቱን እየተካፈልን ጠበቅን። መጀመሪያ ሀዲዱ አንሾካሾከ፣ ከዚያ የዕቃው ባቡር እየተንገጫገጨ አለፈ። አቧራው ሲበርድ ሳንቲሙን ከጠጠሩ መሐል ለቅመው መዳፌ ላይ አኖሩት። ገና ትኩስ ነበር። ሞላላ ሆኗል፣ ሳስቷል፣ ጽሑፉ ጠፍቶ የአንበሳው ራስ ጥላ ብቻ ቀርቷል።

«ያንቺው የንጉሡ ጊዜ አምስት ሳንቲም ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ራሱ የንጉሡ ራስ ነው። መስቀሉም አንበሳው የሚይዘው በትር ጫፍ።»

«ጥልቀቱስ? ከክንድ በታች ነው የወጣው!»

«ይሄ መሬት በጋ ላይ አፉን ይከፍታል፤ የወደቀለትን ሁሉ ይውጣል። አምና የበሩን ቁልፍ ውጦብኛል።»

አለቀስኩ። ስለ ሳንቲሙ አይደለም፤ ስለ ፊርማዬ፣ ስለ ስሜ ነው። በመጀመሪያ ዓመቷ የተዋረደች መምህርት ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማታል?

«ሌላው ሳይስቅብሽ ቀድመሽ ሳቂበት» አሉኝ። «እኔ ለማንም አልተነፍስም። የምትናገሪው አንቺ ነሽ።»

እሑድ ከአከራዬ ሣጥን ባቡር ያልነካው አምስት ሳንቲም ተውሼ አስተያየሁት። መስቀሉ እዚያው ቦታ ላይ ነበር። ሰኞ በጠዋት ለዳይሬክተሩ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ፤ ስልክ አንሥተው ባለሙያውን አስቀሩና «በይ እንግዲህ ለልጆቹም አንቺው ንገሪያቸው» አሉኝ።

ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ሰልፉ ፊት ቆምኩ። «የአክሱም ነው ያልኳችሁ ሳንቲም ባቡር የረገጠው አምስት ሳንቲም ነው። ተሳስቻለሁ» አልኩ።

ሳቅ ጠበቅሁ። ማንም አልሳቀም። ዘይነባ እጇን ኪሷ ከተተችና ሞላላ፣ የሳሳ ሳንቲም አውጥታ አሳየችኝ። ከኋላዋ ያለው ልጅም አወጣ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ለካ የሀዲድ ዳር ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ኪስ ውስጥ አንድ አንድ አለ።

«ታውቁ ነበር እንዴ?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ዘይነባ አንገቷን ደፋች። «በጣም ደስ ብሎዎት ነበር እኮ፣ ቲቸር።»

ጋሽ በለጠ ካረፉ ቆይተዋል፤ ነፍስ ይማር። ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደው «መምህርቷ አታውቅም» ማለት ሲችሉ ቅዳሜያቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ልጆቹን ግን እስከ ዛሬ አመስግኜ አልጨርሳቸውም። እውነቱን በሆዳቸው እንዲይዙ ያደረጋቸው የእኔው ጩኸት ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ የሚመጣ ነገር ሁሉ ላይ መጀመሪያ «እናንተስ ምን ይመስላችኋል?» እላለሁ፤ ስንቱን ነገር በዚህ እንዳወቅሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ጡረታዬ ቀርቧል። በዚህ ሁሉ ዓመት እንደዚያ ቀን ሰው ፊት አፍሬ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀን መወደዴንም ያወቅሁበት ቀን የለም።