ተጎታቹና የአማቴ የብረት ሣጥን

አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ እኛ ቤት ከገቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለቤታቸው ሲሞቱ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቁን ዘጉና አንድ ሻንጣና አንድ የብረት ሣጥን ይዘው መጡ። ሻንጣው ልብስ ነው። ሣጥኑን አልጋቸው ሥር ከተቱት፣ እኔም ምን እንዳለበት አልጠየቅኩም። ጨዋነት ነው ብዬ ላልፈው እችል ነበር፤ እውነቱ ግን ግድም አልነበረኝም። የእኔና የእሳቸው ወሬ "እንዴት አደሩ" ተብሎ ይጀመርና "ደህና" ተብሎ ያልቃል።

እኔ የምተዳደረው ጀልባ በማመላለስ ነው። የአጥማጆቹ ጀልባ ሲሰበር ከውሃ አወጣና ወደ አናጢው አደርሳለሁ፤ ሲጠገን መልሼ ውሃው ዳር አወርዳለሁ። ያለኝ ንብረት አንድ አሮጌ ፒካፕና አንድ ተጎታች ነው። ተጎታቹ በየዓመቱ ይመረመራል። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ ሁለቴም በመብራት። ሦስተኛ ከወደቀ ከመንገድ ይታገዳል፣ እኔም አብሬው። ተጎታች የሌለው አመላላሽ ጀልባ በጀርባው አያዝል ነገር!

አመሉ ደግሞ ለጉድ ነው። የቀኙን ፍሬቻ ሳበራ የግራው ይጠቅሳል። ፍሬን ስረግጥ፣ ደምቆ መብራት የሚገባው የኋላ መብራት ጭራሽ ይጠፋል። መርማሪው ሁለተኛ ጊዜ ሲያየው "ይሄማ ለሠርግ ቤት ነው የሚሆነው" ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን ሁለቴም ሠርቶ፣ አብርቶ አሳይቶኝ ነበርና እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ሄድኩበት። ያልተናገርኩት የለም። እሱም በመጨረሻ፣ ካሁን በኋላ ተጎታችህን ሌላ ቦታ ውሰድ አለኝ።

ለሦስተኛው ምርመራ ሦስት ቀን ሲቀረው ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ተጎታቹ ላይ አፍጥጬ ነበር። አማቴ የብረት ሣጥናቸውን አንጠልጥለው ወጡ፣ በርጩማ ሳቡና አጠገቤ ተቀመጡ። ሣጥኑ ሲከፈት መሞከሪያ መብራት፣ ፒንሳ፣ የስታኞ መበየጃና በየቀለሙ የተጠቀለለ ሽቦ ሥርዓት ይዞ ተቀምጧል። ባለቤታቸው ዘንድ ሲሠራ አይተው ለምደው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከእጅ አይሻል ዶማ፣ ይሞክሩት።

መብራቶቹን ይነካካሉ ብዬ ስጠብቅ እኔን ይመረምሩኝ ጀመር። ከጋራዥ ወጥቶ ምርመራ እስኪገባ ድረስ ተጎታቹን ማን ነካው? ማንም አልነካውም አልኩ። አንተስ? እኔማ፣ አልኩ በኩራት፣ የመርማሪው ዓይን እንዲወደው ቀለም ቀባሁት እንጂ ሌላ ምንም አላደረግኩም።

"መብራቶቹን ፈትተህ?" አሉ።

"ፈትቼ ነዋ፣ ሥራቸው ጭምር እንዳይዝግ። ሁለት ሁለት ዙር ነው የቀባሁት።"

"ሁለቴም?"

"ሁለቴም።"

አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሲስቁ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ ወደ አምፖሉ የሚሄድበት ብቻ ሳይሆን የሚመለስበትም መንገድ ይፈልጋል። የእኔ ተጎታች መብራቶች መመለሻቸው ራሱ የተጎታቹ ብረት ነው፤ ጋራዥ ቤት ማሳ ይሉታል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። እኔ ብርቱው መብራቱ ብረቱን የሚነካበትን ቦታ በሁለት ዙር ቀለም ደፍኜዋለሁ፤ ኤሌክትሪኩ መውጫ ሲያጣ በሌላው አምፖል በኩል እየሾለከ ያን ሁሉ ጉድ ይሠራል። አማቴ በቃል ብቻ አልተዉኝም። ከፒካፑ ባትሪ ኔጋቲቭ አንድ ሽቦ ስበው የቀኙን መብራት ብረት አስነኩት፤ ፍሬቻው ቀጥ ብሎ ሠራ። ሽቦውን ሲያነሱት ማበዱን ቀጠለ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚባለውን ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። የኤሌክትሪሺያኑ ፊት ድቅን ሲልብኝ የምገባበት ጠፋኝ። እሱ የሠራውን ሁለቴም ያበላሸሁት በገዛ እጄ ነበር።

ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩና አለቀ ብዬ ተነሳሁ። አላለቀም። ይሄ ተጎታች በየቀኑ ውሃ ውስጥ ይገባል አሉ፤ ዛሬ ቀለም የሠራውን ነገ ዝገት ይሠራዋል። ስለዚህ ብረቱን ሳይለምን፣ ከፒካፑ ጋር ከሚያገናኘው ሶኬት ጀምሮ እያንዳንዱ መብራት የራሱ መመለሻ ሽቦ ይኑረው አሉ። ሁለት ቀን ፈጀብን። እሳቸው ይበይዳሉ፣ እኔ ሽቦ እይዛለሁ። እያንዳንዱን መጋጠሚያ ጎተት አድርገው ካልፈተኑት ወደሚቀጥለው አያልፉም፤ ከዚያ ውሃ እንዳያስገባ ግሪስ ይቀባሉ። ስቸኩል እጄን መታ ያደርጉኛል። ጀልባ ልታወርድ ወደ ውሃው ከመግባትህ በፊት ሶኬቱን ንቀል፣ የጋለ አምፖል ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ይሰነጠቃል ብለውም አስተማሩኝ። እኔ በየወሩ አምፖል እየገዛሁ ሻጩን ስረግም ነው የኖርኩት።

የምርመራው ዕለት ይምጡልኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ ጋቢና ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ተጎታቹ እዚህም እዚያም ተፋፍቆ ቋቁቻ የያዘው መስሏል። መርማሪው ፊቱን አጨፍግጎ "አብራ" አለኝ። ግራ፣ ግራው በራ። ቀኝ፣ ቀኙ በራ። ፍሬን ረገጥኩ፣ ከኋላ ቀይ ሆነ። ደግሜ እንድረግጥ አደረገኝ፣ ደገምኩ። ጎንበስ ብሎ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አያቸውና በመስኮቱ በኩል ብቅ ብሎ ማን እንደሠራው ጠየቀ።

እኔ አፌን ሳልከፍት አማቴ "ባለቤቴ ነው" አሉ።

"እጁ ይባረክ" አለና ፈረመልኝ።

ሰውየው ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጥቂት ከነዳሁ በኋላ ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ለምዶብኝ ነው" አሉ። "እሱ ቀይና አረንጓዴ ሽቦ ለይቶ አያውቅም ነበር፤ ሲፈጠር ዓይኑ እንደዚያ ነው። ሰው መቀበል ግን ማን እንደ እሱ! እሱ ከፊት ይቀበላል፣ እኔ ከመጋረጃው ኋላ እጠግናለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ሬዲዮውን የከፈተችው ሴት ናት ብለው ዕቃቸውን የወሰዱብን ነበሩ። እሱ ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ። ልጆች ማሳደግ ነበረብን።"

"ስንት ዓመት?"

"ሃያ ስምንት።"

ያን ያህል ዓመት የተመሰገነ እጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጎኔ ሲበላ አንድ ቀን እንኳ ምን ትችላለህ ብዬ አልጠየቅኩትም። "እማማ፣ ዛሬ ቤቴን ያቆሙልኝ እርስዎ ነዎት፤ አመሰግናለሁ" አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው መንገዱን እያየህ ንዳ አሉኝ።

ከዚያ በቀጥታ ኤሌክትሪሺያኑ ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ቀጥዬ ጀልባ ማቆሚያው ወርጄ ላገኘሁት ሁሉ ተናገርኩ፤ ተጎታቹን የሠሩት አማቴ ናቸው፣ የባለቤታቸውን ሱቅ ሬዲዮዎች ሁሉ የጠገኑትም እሳቸው ናቸው አልኩ። ከሽማግሌዎቹ አጥማጆች አንዱ መረባቸውን መጠገን አቁመው ቀና አሉ።

"ታዲያ እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳመሰግን የኖርኩት ማንን ነው?" አሉ።

በማግስቱ ከሥራ ስገባ ሽማግሌው ግቢያችን ውስጥ አማቴ ፊት ቆመዋል። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የሚጠገን ነገር ይዘው የመጡ መስሎኝ ዙሪያቸውን አየሁ፤ ምንም አልያዙም።