የታጠነው ኮምፒውተር

ሳግን ዕድሜውን ሙሉ የሰው ዕቃ ሲፈታ የኖረ ሰው ነው። ድሮ ቴሌቪዥን፣ አሁን ኮምፒውተር። ቢሽኬክ ከተማ ዳር ባለው ሰፈሩ የየትኛውንም ቤት በር ቢያንኳኳ የሚቀበሉት በአንድ ቃል ነው፤ «ቫይረስ!» ገመዱ የተነቀለበትም ቫይረስ ይላል፣ ሻይ የደፋበትም ቫይረስ ይላል። ቀደም ሲል ይከራከራቸው ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ግን ክርክሩም፣ ደረጃ መውጣቱም፣ ብቻውን እራት መብላቱም ሰልችቶታል። «እሺ፣ እንየው» ይላል፤ ቁጭ ይላል።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ያስጠራችው ናዚራ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ አፓ እያለ የሚያከብራቸው የአሮጊቷ የኡልካን ምራት። ባሏ ታላይ ሳይቤሪያ፣ መጋዘን ውስጥ ሥራ ከያዘ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። በስልክ ሲገናኙ «ደህና ነህ? ደህና ነሽ?» ይባባሉና ወሬው ያልቅባቸዋል። ጌም ሲጫወቱ ግን አፋቸው ይፈታል። እሱ እዚያ እሷ እዚህ፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ጎን ለጎን እየተኮሱ፣ ስለ ወገቡ ሕመምና ስለ እናቱ ደም ግፊት ያወራሉ። ትዳራቸው ያለው እዚያ ውስጥ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

«አሁን ግን ምስሉ ይቆራረጥብኛል» አለችው፣ አማቷ እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዞር ከማለቴ ሞቻለሁ። ትናንት ‹አንቺ እረፊ በቃ፣ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ልጫወት› አለኝ። ሳግን ባይኬ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ዛሬም እንደዚሁ ከሆነ ሁለተኛ አይጠራኝም። ከዚያ በኋላ በምን እናወራለን?»

ሳግን ጌሙን ከፍቶ ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር አየ፤ በአንድ ሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያልፍ የሚናገር ቁጥር ነው። መጀመሪያ ዘጠና፤ ሁሉ ነገር ልስልስ ያለ። የቀረበለትን ሻይ ሳይጨርስ ሠላሳ ገባ። ቀጥሎ አሥራ አምስት፤ ስክሪኑ ላይ የሚሮጠው ወታደር እንደ ሰካራም ይንገዳገድ ጀመር።

ከእሱ በፊት የመጣ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ቫይረስ ነው ብሎ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ ጭኖላት ሄዷል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ቫይረስ ቢሆን ገና ሲነሳም ያስቸግር ነበር። ይሄ የሚደክመው ሲሞቅ ነው። ማሽን ሲግል እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያዘገያል፤ ሳግን ይህን ጠባይ ከገዛ ጉልበቱ ያውቀዋል።

«ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው» እያለ የኮምፒውተሩን ሣጥን አዙሮ ጎኑን ፈታው። አቧራ ነበር የጠበቀው። ያገኘው ግን ጥቁር፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ጥላሸት ነው፤ ማራገቢያው ላይ ተጋግሮ መተንፈሻውን ደፍኖታል። በጣቱ ነክቶ አሸተተው። ጥድ፣ ጥድ ይላል።

ቀና ሲል ኡልካን አፓ በሩ ላይ ቆመዋል፤ የጥድ ቅጠል የሚጨስበት መጥበሻ በእጃቸው ይዘዋል።

«አገኘኸው? የሰው ዓይን ነው አይደል? ያቺ የጎረቤቴ ልጅ ‹ውይ ሲያምር!› ካለችው ወዲህ ነው የታመመው። ሐሙስ ሐሙስ አጥነው ነበር። ሲብስበት ጊዜ በየቀኑ አደረግኩት። ልጄ የሚመጣው በዚህ አይደል?»

ናዚራ የሳግንን ጥቁር ጣት አየች፤ ገባት፤ አፏን ከፈተች። በዓይኑ ዝም አሰኛት። እውነቱ አጭር ነበር፦ ያበላሹት እርስዎ ነዎት። ተናግሮ፣ ጠርጎ፣ ቤቱ ሄዶ መተኛት ይችላል። ግን አማትና ምራት ነገም በአንድ ማዕድ ቤት ናቸው፤ ይህቺ ቃል በየድስቱ ውስጥ ስትንተከተክ ልትኖር ነው። ዝም ቢልም መጥበሻው ነገ ተመልሶ ይመጣል። ደከመው። በጣም ደከመው።

«አፓ፣ ዓይን ብረት ላይ ምን ያደርጋል?» አለ በመጨረሻ። «ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። ናዚራን አጥነዋት ያውቃሉ?»

አሮጊቷ ምራታቸውን አዩ። «እሷንማ... አላጠንኳትም።»

«ይኸው! ብረቱን ሲያጥኑ ሰዉን ረሱት። ይሄ ሳንባው ደካማ ነው፣ ጭስ አይችልም። ጭሱን ለሷ ያድርጉት።»

ጥላሸቱን በአልኮልና በብሩሽ አስለቅቆ ገጠመው። አንድ ሻይ ጠጣ፤ ዘጠና። ሁለተኛውን ጠጣ፤ አሁንም ዘጠና። ሲመሽ ከኮምፒውተሩ የታላይ ድምፅ መጣ።

«አንቺ፣ ዛሬ አልሞትሽም እንዴ?»

«አንተን ሳልቀብርማ አልሞትም! ዞር በል፣ ከኋላህ ነኝ!»

«ምንድነው የሚያስልሽ?»

«እናትህ እያጠኑኝ ነው።»

ታላይ ሳቀ፤ ሳቁ ሳይቤሪያ ድረስ የሄደ ሰው ሳቅ አይመስልም። አፓ መጥበሻውን በናዚራ ራስ ዙሪያ አዞሩ፤ ሣጥኑ ጋ ሲደርሱ የተኛ ሕፃን እንዳይነኩ የሚጠነቀቁ ያህል እጃቸውን ሰበሰቡ። ሳግን ቦርሳውን አንስቶ ቀስ ብሎ ሊወጣ ሲል ጠሩት።

«ቁም እስቲ። አንተንስ ማን ያጥንሃል?»

«እኔ ደግሞ ምኔ ነው ዓይን የሚያርፍበት፣ አፓ?»

«ጎንበስ በል ብዬሃለሁ፣ አልደርስብህም።»

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በራሱ ላይ ጭስ ያዞረለት ሰው አልነበረም። ጎንበስ አለ። ጭሱ ዓይኑን ቆጠቆጠው። አፓ «በቃ፣ ተነሳ» ቢሉትም ቶሎ አልተነሳም።